ፈጣኑን ጋርድ ማን ያቁመው?

ምስሉን ያላየ የቅርጫት ኳስ ወዳጅ ያለ አይመስለኝም። አለን አይቨርሰን ከሜዳው ጥግ፣ ከሌከርስ ተቀያሪዎች ወንበር ፊት ለፊት ወርውሮ አስቆጥሯል። ሲጠብቀው የነበረው ታይሮን ሉ መሬት ላይ ወድቋል። አይቨርሰን ቁልቁል እያየው እግሩን አንስቶ ይሻገረዋል። ቀኑ ጁን 6፣ 2001 ነው፤ ቦታው ሎስ አንጀለስ፤ ጨዋታው የኤንቢኤ ፍጻሜ የመጀመሪያው። (እዚህ ጽሑፍ ውስጥ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።) ፊላዴልፊያ በተጨማሪ ሰዓት 107 ለ 101 አሸነፈ። አይቨርሰን ብቻውን 48 ነጥብ አስቆጠረ። ሌከርስ በዚያ ዓመት ጥሎ ማለፍ እስከዚያች ምሽት ድረስ 11 ጨዋታ ተጫውቶ 11ዱንም አሸንፎ ነበር።

ምስሉ ከዚያ ወዲህ ሲዞር ኖሯል። ሉም «ያ የተሻገሩት ልጅ» ሆኖ ቀረ። እኔን የሚገርመኝ ግን እነዚያ 48 ነጥቦች የተከፋፈሉበት መንገድ ነው። 30ዎቹ የገቡት በመጀመሪያው አጋማሽ ነው። በሁለተኛው አጋማሽ፣ በ24 ደቂቃ ውስጥ፣ የገቡት 11 ብቻ ናቸው። የቀሩት 7 በተጨማሪው ሰዓት። መሃል ላይ ምን ተፈጠረ? ሉ ገባ። ከፍጻሜው በፊት በልምምድ ላይ አይቨርሰንን መስሎ እንዲጫወት የተመደበው እሱ ስለነበር የሰውየውን አካሄድ ያውቀዋል። ከገባ በኋላ የሠራው ሥራም ቀላል ይመስላል፦ ኳስ አይቨርሰን እጅ ከመድረሷ በፊት መከላከል ጀመረ። ስክሪን ለስክሪን እየተሽሎከለከ ተከተለው። ኳስ የሌለው አይቨርሰን እንደማንኛውም 1.83 ሜትር የሆነ ሰው ነው።

ማለትም በታሪክ «የተዋረደ ተከላካይ» ተብሎ የተመዘገበው ሰው ያን ምሽት ከሁሉም በተሻለ የተከላከለው ሰው ነው። ሌከርስ የሚቀጥሉትን አራት ጨዋታዎች አሸንፎ ዋንጫውን 4 ለ 1 ወሰደ።

ይህን የማነሳው አንድ የሥራ ባልደረባዬ ስላለ ነው። ምሳ ላይ በተገናኘን ቁጥር «የዛሬ ኤንቢኤ መከላከል የሚባል ነገር የለም፣ የድሮዎቹ ቢሆኑ ከሪን ያስቀምጡት ነበር» ይለኛል። ብዙ ሰው እንደዚያ ያስባል። እኔ አላስብም። የድሮዎቹ ፈጣን ጋርድን የሚያቆሙበት መሣሪያ ከዛሬዎቹ የተለየ ነበር፤ ሊጉ ያንን መሣሪያ ቀስ በቀስ ከእጃቸው ወሰደው። ቃል በቃል ከእጃቸው። ከዚያ በኋላ የመጣው መከላከል ግን የበለጠ ብልህ ነው። እንዴት እንደሆነ ልንገራችሁ።

ነገሩን ከሥሩ እንየው። ጋርድ ማለት ኳሷን ከኋላ ይዞ የሚመጣው፣ ብዙ ጊዜ ከቡድኑ አጭሩ ተጫዋች ነው። ፈጣን ከሆነ የሚጠብቀው ሰው ከመጀመሪያው ተሸናፊ ነው። አጥቂው ወደፊት ይሮጣል፣ ተከላካዩ ወደጎንና ወደኋላ። ወደፊት የሚሮጥን ሰው ወደኋላ እየሮጡ መቅደም አይቻልም፤ ሞክሩት። ሌላም አለ። አጥቂው ወዴት እንደሚሄድ ያውቃል፣ ተከላካዩ የሚያውቀው አይቶ ነው። ሙያዬ ሶፍትዌር ስለሆነ ይህን እንደ ኔትወርክ መዘግየት ነው የማስበው፦ መልእክቱ ሲደርስህ ነገሩ አልፏል። የዩኒቨርሲቲያችን የሲሚንቶ ሜዳ ላይ ከእኔ ፈጣን የሆኑ ልጆችን ስጠብቅ አራት ዓመት አሳልፌያለሁና ይህን የምለው ከመጽሐፍ ብቻ አይደለም።

የመጀመሪያው መልስ ማንም የሚያስበው ነው፦ ራቅ ብሎ መቆም። አንድ እርምጃ ወደኋላ ከተውክለት ያንን የጠፋ ጊዜ መልሰህ ታገኛለህ። ዋጋው ደግሞ ነፃ ውርወራ መስጠት ነው። ሰውየው ከሩቅ የማያገባ ከሆነ ጥሩ ንግድ ነው፤ ለአሥርተ ዓመታትም ሠርቷል። ኤንቢኤ የሦስት ነጥብ መስመሩን ያሰመረው በ1979 ነው። በዚያ የመጀመሪያ ዓመት አንድ ቡድን በአንድ ጨዋታ ከመስመሩ ውጭ የሚወረውረው በአማካይ ሦስት እንኳ አይሞላም ነበር። በ2018–19 ግን 32 ደርሷል። ስለዚህ ይህ መልስ ዛሬ ሞቷል ማለት ይቻላል። እንደ ስቴፈን ከሪ ያለ ሰው ላይ አንድ እርምጃ ወደኋላ ማለት ሦስት ነጥብ ጠቅልሎ መስጠት ነው።

አሁን ወደኋላ እንመለስ፣ በጣም ወደኋላ። ጄምስ ኔስሚዝ ጨዋታውን የፈጠረው በዲሴምበር 1891፣ ማሳቹሴትስ ውስጥ ስፕሪንግፊልድ በምትባል ከተማ ነው፤ እኛ ወወክማ የምንለው ማኅበር በነበረው የማሠልጠኛ ትምህርት ቤት። 13 ሕጎች ጻፈ። ከእነሱ አንዱ ኳስ ይዞ መሮጥን ይከለክላል፤ ከተቀበልክበት ቦታ ሆነህ ትወረውራለህ፣ በቃ። ስለዚህ ፈጣን ጋርድ የሚባል ፍጡር ያኔ አልነበረም፤ ሕጉ አላበቀለውም። ተጫዋቾቹ ግን ቀዳዳ አገኙ። ኳስ ይዤ መሮጥ ካልተፈቀደልኝ ኳሷን ለራሴ ባቀብልስ? መሬት ላይ አንጥሬ መልሼ ብይዛትስ? ዛሬ ጨዋታው ያለ እሱ የማይታሰበው ኳስ ማንጠር የተወለደው እንደዚህ ነው። በእኛ ሙያ ተጠቃሚው ያገኘው ቀዳዳ ኋላ ላይ ዋናው አገልግሎት ሆኖ ሲቀር ብዙ ጊዜ አይተናል።

ቀዳዳው ካለ በኋላ የመከላከያው ጥያቄ መጣ። ተፈጥሯዊው መልስ ዞን ነው። ሰው መከተል ትተህ ቦታ ትጠብቃለህ፤ አምስት ሰው ቀለበቱ ዙሪያ ይቆማል፣ ፈጣኑ ልጅ የትም ቢሮጥ ሌላ ሰው ፊት ይደርሳል። ችግሩ ጨዋታው ይደርቃል። ኤንቢኤ የሆነው ሊግ ገና በመጀመሪያ ዓመቱ፣ በጃንዋሪ 1947፣ ዞንን ከለከለ። ትኬት የገዛ ሰው አምስት ረጃጅም ሰዎች ቀለበት ሥር ተኮልኩለው እንዲያይ አልተፈለገም። ይህ ክልከላ ከ50 ዓመት በላይ ቆይቷል። ልብ በሉ፣ «የድሮው ጠንካራ መከላከል» የምንለው ዘመን አብዛኛው ያለፈው ተከላካዮች እርስ በርስ እንዳይረዳዱ ሕግ እያገዳቸው ነው።

ዞን ከሌለ፣ ፈጣኑን ሰው አንድ ለአንድ መያዝ ካልተቻለ፣ የሚቀረው ምንድን ነው? መምታት። ለዚህ የ1953ቱ ጨዋታ ጥሩ ምስክር ነው። ማርች 21፣ ቦስተን ከሲራኩዝ። የቦስተኑ ቦብ ኩዚ በዘመኑ ኳስ በማንጠር የሚስተካከለው አልነበረም። ጨዋታው አራት ተጨማሪ ሰዓት ፈጀ። ኩዚ 50 ነጥብ አስቆጠረ። ከ50ው ስንቱ ከቅጣት ውርወራ የመጣ ይመስላችኋል? 30። ሠላሳ! የወረወረው 32 ነበር። የአጥቂነት ብቃት እንበለው ወይስ ተቃራኒው ቡድን ከጥፋት በቀር ሌላ ሐሳብ አልነበረውም እንበል? እኔ ሁለተኛው ይመስለኛል። በዚያ ላይ የማጥቂያ ሰዓት ገደብ ስላልነበረ የሚመራ ቡድን ለፈጣን ጋርዱ ኳሷን ሰጥቶ ሰዓት ማቃጠል ይችል ነበር፤ እሷን ለማስጣልም መምታት የግድ ነው። በሚቀጥለው ዓመት፣ በ1954፣ የሲራኩዙ ባለቤት ዳኒ ቢያዞን የገፋበት የ24 ሰከንድ ሰዓት ሥራ ላይ ዋለ። ከዚያ ወዲህ ተከላካይ ቢያንስ የሚጸናበት ጊዜ ተቆረጠለት፤ 24 ሰከንድ ከቻልክ ኳሱ ያንተ ነው።

ከዚያ በ1956 ቢል ራስል ቦስተን ገባ። በ13 ዓመት 11 ዋንጫ። ራስል ጋርድ አይደለም፣ ስለ ጋርዶች የማውቀውን ግማሹን ያስተማረኝ ግን የእሱ ታሪክ ነው። ከኋላው ራስል እንዳለ የሚያውቅ የቦስተን ጋርድ ፊት ለፊቱ ያለውን ሰው ተጠግቶ መጫን ይችላል፣ ኳስ ሊነጥቅ መድፈር ይችላል። ቢታለፍስ? ይታለፍ። የሚያልፈው ሰው የሚያልፈው ወደ ራስል ነው። ያኔ ዞን ክልክል ነው፤ ግን ራስል የራሱን ሰው እየጠበቀ ዐይኑ ኳሷ ላይ ነበር፣ በአንድ ዝላይም ይደርሳል። ፈጣን ጋርድን የሚያቆመው ፊቱ ያለው ሰው ብቻ እንዳልሆነ ያን ጊዜ ታይቷል። ችግሩ ራስል አንድ ብቻ ነው። ሌሎቹ ቡድኖች ምን ያድርጉ?

ሌሎቹ እጃቸውን ተጠቀሙ። ሃንድ ቼኪንግ ይባላል። ተከላካዩ አንድ እጁን ወይም ክንዱን አጥቂው ወገብ ላይ ያሳርፋል። ሲታይ ምንም አይመስልም፣ ግን ሁለት ሥራ ይሠራል። አንደኛ፣ ፍሬን ነው፤ ትንሽ ጫን ካልክ የሰውየው የመጀመሪያ እርምጃ ይሰበራል። ሁለተኛው ይበልጥ ይገርመኛል፦ እጁ ወሬ ነጋሪ ነው። የሰው ዳሌ ከእግሩ ቀድሞ ይዞራል። እጅህ ዳሌው ላይ ካለ ወዴት እንደሚሄድ ከዐይንህ በፊት ቆዳህ ይነግርሃል። ያ ቅድም ያልኩት መዘግየት ጠፋ ማለት ነው።

ሊጉ ሃንድ ቼኪንግን በ1978–79 በሕግ ከለከለው። በ1994 ደግሞ አጠበቀው። ሕግ መጻፍና ሕግ ማስፈጸም ግን ሁለት ነገር ነው፤ ይህን ለኢትዮጵያ አንባቢ ማብራራት አያስፈልገኝም። ዳኞቹ ለብዙ ዓመት ዐይናቸውን ጨፈን አድርገው አለፉት።

የዚህ ዘመን አናት ዲትሮይት ነው። አሰልጣኝ ቸክ ዴሊ፣ ጋርዶቹ አይዛያ ቶማስና ጆ ዱማርስ። ማይክል ጆርዳንን ለማቆም የሠሩት ዕቅድ «የጆርዳን ሕጎች» ተባለ። ሰው ሲተርከው ስለ ድብደባው ነው። አዎ፣ ድብደባው ነበረ፤ ወደ ቀለበቱ የገባ ጆርዳን ቆሞ እንዲወጣ አይፈለግም ነበር። ሕጎቹን ለብቻቸው ካየናቸው ግን አብዛኛው ስለ አቅጣጫ ነው። ከሜዳው አናት መሃል ላይ ኳስ ከያዘ ወደ ግራው ግፋው፣ እዚያም ሁለተኛ ሰው ይጠብቀዋል። ከየትኛው ጎን እንደያዘ አይተህ ሁለተኛው ሰው ቶሎ ይምጣ ወይ ቆየት ይበል። ዱማርስ ጆርዳንን በፍጥነት ያሸንፈዋል ብሎ ያሰበ ማንም አልነበረም። የእሱ ሥራ በር መዝጋት ሳይሆን የትኛው በር ክፍት እንደሚሆን መምረጥ ነበር። ቺካጎ በ1988፣ በ1989 እና በ1990 በተከታታይ በዲትሮይት ተሸነፈ። በ1991 ግን 4 ለ 0 አሸነፈ። ጆርዳን ያኔ በድንገት ፈጣን አልሆነም፤ በፊል ጃክሰን ሥር ሁለተኛው ሰው ሲመጣበት ኳሷን ለቀቅ ማድረግ ለመደ። ያ ሁለተኛ ሰው ደግሞ ጥሎት የመጣው ሰው አለ አይደል? ኳሷ እዚያ ሄደች።

እንግዲህ የ2001ዱ ፍጻሜ የተካሄደው በአንድ ዘመን የመጨረሻ ወር ነው። ዞን ገና ክልክል ነው፣ እጅ ገና ይታለፋል። ሉ አይቨርሰንን ሲያሳድድ የነበረው በዚያ ሕግ ነው። ሊጉ ግን ለሚቀጥለው ዓመት የወሰነው ነገር ነበር። ከ2001–02 ጀምሮ ዞን ተፈቀደ፣ አንድ ገደብ ተጨመረበት፦ ተከላካይ የሚጠብቀው ሰው አጠገቡ ከሌለ ከቀለበቱ ሥር ያለው ቀለም የተቀባ ክልል ውስጥ ከሦስት ሰከንድ በላይ መቆም አይችልም። ከሦስት ዓመት በኋላ፣ በ2004–05፣ የእጁ ነገር አበቃለት። ዳኞች ከቀለበቱ ርቆ ኳስ የያዘን ሰው በእጅ የነካ ላይ ያለ ይሉኝታ ፊሽካ እንዲነፉ ታዘዙ።

ውጤቱ በአንድ ዓመት ታየ። አንድ ቡድን በአማካይ የሚያስቆጥረው ከ93.4 ወደ 97.2 ነጥብ ዘለለ። ስቲቭ ናሽ የሚመራው ፊኒክስ 62 ጨዋታ አሸነፈ፤ ናሽም በ2005 እና በ2006 የሊጉ ምርጥ ተጫዋች ተባለ። በ2006ቱ ፍጻሜ ድዌይን ዌድ በስድስት ጨዋታ 97 የቅጣት ውርወራ ወረወረ። ባልደረባዬ «መከላከል ሞተ» የሚለው ከዚህ በመነሳት ነው፤ በዚያ ወቅት ብኖርበት ኖሮ እኔም እንደዚያ ባልኩ ነበር። (ያኔ ገና የአንደኛ ደረጃ ተማሪ ነበርኩ፣ ትኩረቴም ሌላ ቦታ።) ግን አስቡት፦ ሊጉ በአንድ እጁ የነጠቀውን በሌላው ሰጥቷል። አንዱ ተከላካይ እጁ ታሰረ፤ አምስቱ ግን ለመጀመሪያ ጊዜ መረዳዳት ተፈቀደላቸው። ይህን ስጦታ በደንብ የተረዳ አሰልጣኝ እስኪመጣ ድረስ ጥቂት ዓመታት ወሰደ።

ቶም ቲቦዶ ይባላል። በ2007–08 ቦስተን ውስጥ የዶክ ሪቨርስ ረዳት ሆኖ መከላከሉን ያዘ፣ ቦስተንም በዚያው ዓመት ዋንጫ በላ። እዚህ ጋ ቀስ እንበል፤ የጽሑፌ ልብ ይህ ነው።

ፈጣን ጋርድ ዛሬ ብቻውን አይመጣም። ረጅም ጓደኛው ይመጣና እንደ ግድግዳ ቆሞ የጋርዱን ተከላካይ ይጋርዳል፤ ስክሪን ይሉታል። ጋርዱ ግድግዳውን ታክኮ ወደ ሜዳው መሃል ይወጣል። መሃል ላይ ከደረሰ አለቀ፦ ግራም ቀኝም ክፍት ነው፣ ወደ ቀለበቱም መንገድ አለው፣ አራት ጓደኞቹም በእኩል ርቀት ናቸው። ስለዚህ ከሜዳው ጎን ስክሪን ሲመጣ ቲቦዶ ያስተማረው ይህን ነው። የጋርዱ ተከላካይ ስክሪኑን ከኋላው እየተሽሎከለከ አይከተልም። ቀድሞ ዞሮ በጋርዱና በስክሪኑ መካከል ይቆማል። ማለትም ወደ መሃል የሚወስደውን መንገድ በሰውነቱ ዘግቶ የጎን መስመሩን በኩል ይከፍትለታል፤ በዚያ ሂድ ይለዋል። የስክሪን አድራጊው ተከላካይ፣ ረጅሙ ሰው፣ ወደ ላይ ወጥቶ አይፋጠጥም፤ ወደኋላ ወርዶ በጋርዱና በቀለበቱ መካከል ይጠብቃል። ጋርዱ አሁን የት ነው ያለው? በአንድ በኩል የሜዳው መስመር፣ ከኋላው የቀደመው ሰው እያሯሯጠው፣ ከፊቱ ረጅም ሰው። የቀረለት ከመካከለኛ ርቀት እየሮጡ መወርወር ነው፤ ሁለት ነጥብ የሚያወጣ፣ ብዙ የሚሳት ውርወራ።

የቀሩት ሦስቱ ተከላካዮችስ? ኳሷ ወዳለችበት ጎን ይጠጋሉ። በ1990ዎቹ ይህ ሕገወጥ ነበር። አሁን አንዱ ቀለም የተቀባው ክልል ውስጥ ይገባል፣ ሦስት ሰከንድ ሳይሞላ ይወጣል፣ መልሶ ይገባል። ሜዳው 15 ሜትር ገደማ ስፋት አለው፤ ተከላካዮቹ ግማሹን ብቻ የሚጠብቁ ይመስላሉ። ማዶ ብቻውን የቆመ ሰው አለ፤ ግን እሱ ጋ ለመድረስ ኳሷ በአምስት ሰው ላይ አልፋ መብረር አለባት፣ ኳስ አየር ላይ እያለች ደግሞ ተከላካዩ ይሮጣል። ያ መዘግየት አሁን ወደ አጥቂው ዞረ። ይህን ዘዴ መጀመሪያ ሲገባኝ ጨዋታ ማየቴን ትቼ ለሳምንት ያህል እግር ብቻ ሳይ ከረምኩ። እናንተም ሞክሩት፤ ኳሷን ተዉና የጋርዱ ተከላካይ ስክሪን ሊመጣ ሲል እግሩን ወዴት እንደሚያዞር ተመልከቱ።

ቲቦዶ በ2010 የቺካጎ ዋና አሰልጣኝ ሆነ፤ በመጀመሪያ ዓመቱ 62 ጨዋታ አሸነፈ። የሚያስቀው፣ በዚያ ዓመት በሊጉ ውስጥ ለመከላከል እጅግ አስቸጋሪው ፈጣን ጋርድ የራሱ ነበር። ዴሪክ ሮዝ፣ በ22 ዓመቱ የሊጉ ምርጥ ተጫዋች። ሮዝን ያቆመው ሌላ ፈጣን ጋርድ አይደለም። በምሥራቁ ፍጻሜ ማያሚ በጨዋታዎቹ ማብቂያ ላይ ከሁለት ሜትር በላይ የሆነውን ሌብሮን ጄምስን ሮዝ ላይ መደበ። ርዝመት ካለህ ራቅ ብለህ መቆም ትችላለህ፣ እጅህ ግን አሁንም ውርወራው ጋ ይደርሳል። ማያሚ 4 ለ 1 አሸነፈ። እንደ ሌብሮን ያለ ሰው ሁሉም ቡድን የለውም እንጂ፣ መልሱማ አጭር ነበር።

ሰው በፍጥነት ፈጣኑን ያቆማል የሚል አሁንም ካለ፣ 2006 ሳይታማን፣ ጃፓንን ያስታውስ። የዓለም ሻምፒዮና ግማሽ ፍጻሜ፣ አሜሪካ ከግሪክ። አሜሪካ ሌብሮን፣ ዌድ፣ ካርሜሎ አንቶኒ። ግሪክ ውስጥ በኤንቢኤ የሚጫወት አንድም ሰው አልነበረም። ግሪኮቹ በሩጫ ውድድር ቢገቡ ሁሉም ይቀደሙ ነበር። ግን ያንኑ ስክሪን፣ ያንኑ መሃል መግባት ደጋግመው ሠሩት፤ ቴዎዶሮስ ፓፓሉካስ በዝግታ ይዞ እየመጣ፣ ቫሲሊስ ስፓኑሊስ 22 ነጥብ እያስቆጠረ። አሜሪካውያኑ በእያንዳንዱ ጊዜ ማን ማንን እንደሚይዝ አልተስማሙም። 101 ለ 95። አምስት ፈጣን ተከላካዮች ያለ ስምምነት አንድ ቀርፋፋ ጋርድ ማቆም አቃታቸው።

ዞኑም ቢሆን ተመልሶ መጥቶ ታሪክ ሠርቷል። በ2019 ፍጻሜ ሁለተኛ ጨዋታ ላይ የቶሮንቶው አሰልጣኝ ኒክ ነርስ ከሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ውድድር የሚታወቅ ዘዴ አወጣ፦ ፍሬድ ቫንቭሊት ከሪን የትም ቢሄድ ይከተለው፣ የቀሩት አራቱ ሣጥን ሠርተው ቀለበቱን ይጠብቁ። ከሪ ራሱ ከጨዋታው በኋላ አፌዘበት። ግን ክሌይ ቶምሰን ተጎድቶ ስለወጣ ሌላ የሚወረውር ሰው ጎድሎ ነበርና ጎልደን ስቴት በጨዋታው መጨረሻ ከአምስት ደቂቃ በላይ አንድ ነጥብ ሳያስቆጥር ቆየ። ጨዋታውን እንደምንም 109 ለ 104 አሸነፈ፣ ዋንጫውን ግን ቶሮንቶ 4 ለ 2 ወሰደ። በ1947 የታገደው ሐሳብ በ2019 ፍጻሜ ላይ።

እነዚህ ሁሉ ኳሷ ባላጋራ እጅ ሳለች የሚሠሩ ናቸው። አንድ ሌላ አለ፣ ኳሷ ያንተ ስትሆን የሚሠራ፤ ለእሱም የ2016ቱን ፍጻሜ ማየት ያስፈልጋል። ጎልደን ስቴት በመደበኛው ዓመት 73 አሸንፎ 9 ተሸንፏል፣ እንደዚያ ያለ ቡድን ከዚያ በፊት አልነበረም። ከሪ ያለ አንድ ተቃዋሚ ድምፅ የሊጉ ምርጥ ተጫዋች ተብሏል። በፍጻሜው ክሊቭላንድን 3 ለ 1 ይመራሉ፤ በፍጻሜ ከ3 ለ 1 ተነስቶ ያሸነፈ ደግሞ የለም። የክሊቭላንድ አሰልጣኝ ሥራውን የያዘው በዚያው ዓመት ጃንዋሪ ላይ ነው። ስሙ ታይሮን ሉ።

የሉ ዕቅድ ከሪን በመከላከል ብቻ አልጀመረም፣ እንዲከላከል በማስገደድ ጭምር እንጂ። ጎልደን ስቴት ከሪን ደካማ አጥቂ ላይ እየመደበ ያሳርፈዋል። ስለዚህ ያ ደካማ አጥቂ መጥቶ ለሌብሮን ወይም ለካይሪ ኧርቪንግ ስክሪን ያደርጋል። ተከላካዮቹ ሲቀያየሩ ከሪ ከሌብሮን ጋር ብቻውን ይቀራል። አንዴ፣ ሁለቴ፣ ሃያ ጊዜ። እግሩ ይዝላል፣ ፋውሉ ይበዛል። በስድስተኛው ጨዋታ በፋውል ብዛት ከሜዳ ወጣ። እውነት ለመናገር ከሪ ከጥሎ ማለፉ መጀመሪያ ጀምሮ ጉልበቱን ታሞ ነበር፤ ይህን የማያነሳ ትንታኔ ሐቀኛ አይመስለኝም። ግን የታመመ ጉልበት ያለውን ሰው እንዲከላከል ማድረግ ራሱ ጭካኔ የተሞላበት ብልሃት ነው።

ሰባተኛው ጨዋታ፣ ጁን 19። 89 ለ 89፣ ለደቂቃዎች ማንም አላስቆጠረም። ኧርቪንግን ሲጠብቅ የነበረው ክሌይ ቶምሰን ነው። ክሊቭላንድ ስክሪን ጠራ፣ ተከላካዮቹ ተቀያየሩ፣ ኧርቪንግ ፊት ከሪ ቀረ። 53 ሰከንድ ሲቀር ኧርቪንግ በከሪ አናት ላይ ሦስት ነጥብ አስቆጠረ። 92 ለ 89።

ከዚያ ኳሷ ወደ ከሪ ሄደች። ስክሪን መጣ፣ አሁን የተቀያየሩት የክሊቭላንድ ተከላካዮች ናቸው፣ ከሪ ፊት የቀረው ኬቨን ላቭ ነው። ላቭ 2.03 ሜትር ገደማ የሆነ፣ በመከላከል ሲተች የኖረ፣ በእግሩ ቀርፋፋ ሰው ነው። በምድር ላይ ከሪን እንዲጠብቅ መጨረሻ የምትመርጡት ሰው። ከሪ በግራ አስመሰለ፣ በቀኝ አስመሰለ፣ ኳሷን ለድሬይመንድ ግሪን ሰጥቶ መልሶ ተቀበለ፣ እንደገና አንጠረጠረ። ላቭ እጁን አላሳረፈበትም፣ ሊነጥቅም አልሞከረም። ተጠግቶ፣ ወደ ሦስት ነጥቡ ብቻ ተጋርጦ፣ በትንንሽ እርምጃ ተንሸራተተ። ቢያልፈው ያልፈው ነበር፤ ከኋላ ግን ሌብሮን አለ፣ ሁለት ነጥብ ደግሞ አቻ እንኳ አያደርግም። ከሪ በመጨረሻ ከመስመሩ ውጭ ወረወረ። አልገባችም። ሌብሮን ከሁለት የቅጣት ውርወራ አንዱን አገባ፣ 93 ለ 89 ተጠናቀቀ። ከሪ በዚያ ምሽት 19 ጊዜ ወርውሮ 6 ነበር ያገባው።